የበረዶ ነብር ጥበቃ የሚጀምረው ከጉረኖው ጣሪያ ነው (ላዳክ፣ ስፒቲ፣ ቶስት)

#1 ጉረኖ_ቀያሽ

ሌላው ክር ላይ «ጠባቂ ይብዛ፣ ቅጣት ይክበድ» የሚለው መልስ ስለበዛ ይህን ለብቻ ልክፈተው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አዳኝ የለም አልልም። ግን የዱር እንስሳት ንግድን የሚከታተለው ትራፊክ የተባለው ድርጅት በ2016 ባወጣው ግምት፣ ከ2008 ወዲህ በየዓመቱ ከሚገደሉት ከ221 እስከ 450 የሚሆኑ የበረዶ ነብሮች 55 በመቶዎቹ የሚሞቱት ከብቱ የተበላበት ሰው ሲበቀል ነው። ለንግድ የሚታደኑት 21 በመቶ፣ ለሌላ እንስሳ በተዘረጋ ወጥመድ የሚገቡት 18 በመቶ ናቸው። ከበቀሉ ጀርባ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ የሌሊት ማደሪያው።

በህንድ ላዳክ፣ በሄሚስ ብሔራዊ ፓርክ የተደረገ ጥናት ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አውሬ ባንድ ጊዜ ብዙ ከብት የፈጀባቸው አጋጣሚዎች ከጠቅላላው 14 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሞተው ከብት 38 በመቶውን የጨረሱት ግን እነሱ ናቸው። ግጦሽ ላይ አንድ ፍየል የነጠቀን ነብር እረኛ ይራገመዋል፣ ያልፈዋል። በአንድ ሌሊት ሠላሳ አርባ በግ ያለቀበት ሰው ነው መርዝ ፍለጋ የሚሄደው።

ለምን ይፈጃል? ገደል ላይ አንድ ናፖ (ላዳኮች ሰማያዊ በግ የተባለውን የዱር እንስሳ እንዲህ ይሉታል) ሲይዝ ሌሎቹ ወዲያው ይበተናሉ፤ የሚያባርረው ስለሌለ ይቆማል። ጉረኖ ውስጥ ግን በጎቹ መውጫ የላቸውምና በፊቱ እየተሽከረከሩ ይሮጣሉ። የሚሮጥ ነገር እስካለ ድረስ ደመ ነፍሱ አይበርድም። ብዙ ጊዜም መውጣት አቅቶት ጠዋት እዚያው ውስጥ ይገኛል፤ ያኔ ድንጋይና ዱላ ይጠብቀዋል።

የተለመደው የላዳክ ጉረኖ እስከ ሰው ደረት የሚደርስ የድንጋይ ካብ ነው፤ ጣሪያ የለውም፣ በሩም እሾህ ወይም ጥቂት ሳንቃ ነው። ውስጡ 10 በ6 ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው ጉረኖ ብንወስድ ለመክደን የሚያስፈልገው ይህ ነው።

የሽቦ መረብ፦ ቀዳዳው 5 ሴንቲ ሜትር፣ የሽቦው ውፍረት ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ ዚንክ የተለበጠ። የዶሮ ሽቦ አይሆንም፤ በጥፍር ይቀደዳል። መረቡ እስከ ግድግዳው ውጫዊ ጠርዝ መድረስ ስላለበት የሚሸፈነው 11 በ7 ሜትር ነው። ወርዱ 1.5 ሜትር የሆነ ጥቅል ካለ፣ 10 ሴንቲ ሜትር እየተደራረበ 8 ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 7 ሜትር፤ በድምሩ 56 ሜትር።

እንጨት፦ 6 ሜትር ያለ መካከለኛ ድጋፍ መዝለል አይቻልም፣ ይጎብጣል። ስለዚህ በየ2 ሜትሩ አንድ ወራጅ፣ ዳርና ዳሩን ጨምሮ 6 መስመር። የፖፕላር ግንድ፣ ውፍረቱ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 3.5 ሜትር የሆነ 12 ፍሬ። ሁለት ሁለቱ መሐል ላይ ተደራርበው በምሰሶ ያርፋሉ። ምሰሶ 4 ይበቃል፤ ዳሮቹ በግድግዳው ላይ ይተኛሉና።

ማሰሪያ፦ ጥቁር ሽቦ። ሁለት ቁራጭ በሚገናኝበት መስመር ሁሉ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ቋጠሮ። 7 መስመር በ7 ሜትር፣ ወደ 245 ቋጠሮ ማለት ነው። አሰልቺ ነው፤ ሥራው የሚበላሸውም እዚሁ ነው። «በየክንዱ አንድ ይበቃል» የተባለበት ጣሪያ ሲረገጥ አፉን ይከፍታል።

ድንጋይና ጉልበት ከመንደሩ፣ መረብና የበር ዕቃ ከደጋፊው። እንዲህ ሲሆን ሰውየው ጉረኖውን የራሱ አድርጎ ይጠግነዋል።

#2 ማሪቱ_የደጋዋ

መረቡ ውድ ነው፤ ማጓጓዣውም በበቅሎ ነው። ካቡን 2 ሜትር ተኩል አድርሶ መተው አይሻልም? ድንጋዩ እንደሆነ እዚያው ነው።

#3 ጉረኖ_ቀያሽ

@ማሪቱ_የደጋዋ፣ አይሻልም፤ በሦስት ምክንያት።

አንደኛ፣ ጭቃ ያልተለሰነ ካብ ለዚህ እንስሳ መሰላል ነው፤ በድንጋዮቹ መሐል ጥፍሩን እያስገባ ይወጣል። ሁለተኛ፣ አብዛኛው ጉረኖ ነፋስ ለመከላከል ሲባል ተዳፋት ተደግፎ ይሠራል። ከታች ሲለካ 2.5 ሜትር የሆነው ግድግዳ በላይኛው በኩል አንዳንዴ ጉልበት አይደርስም፤ አውሬው መዝለል ሳያስፈልገው ይወርዳል። ሦስተኛ፣ ውሽንፍር በረዶውን ግድግዳው ላይ ሲከምረው ክምሩ ራሱ መወጣጫ ይሆናል።

ካብ ማሳደግ ጥቅሙ ለተኩላ ነው። ለበረዶ ነብር ጣሪያ የሌለው ጉረኖ፣ ግድግዳው ምንም ቢረዝም፣ ክፍት ነው።

#4 የከብት_ሐኪም_ዘ

በመረቡ እስማማለሁ፤ ሁለት ነገር ልጨምር።

ስፒቲ (እሱም ህንድ ውስጥ ነው) እንደ ላዳክ ደረቅ አይደለም፣ በረዶው ብዙ ነው። ደረቅ በረዶ በ5 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ይወርዳል። የመጋቢትና የሚያዝያው እርጥብ በረዶ ግን መረቡ ላይ ይጣበቃል፣ በላዩ ሌላ ይደርባል፣ ወራጁን ይሰብራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ጫፉ ላይ መስቀለኛ እንጨት የተመታበት ረጅም ዘንግ ውስጥ ይቀመጥ፤ በረዶ ባደረ ቁጥር ከሥር ወደ ላይ መደብደብ ነው። ከላይ ወጥቶ በአካፋ መጥረግ ቋጠሮ ያላላል፣ ሰውም ይወድቃል።

አንዳንዱ «እንግዲያው በቆርቆሮ ልክደነው» ይላል። ቆርቆሮ ነብሩን ይከለክላል፣ ፍየሎቹን ግን ያሳምማል። የእንስሳቱ ትንፋሽ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠብባቸዋል፤ የሽንቱ አሞኒያም መውጫ ያጣል። ከብርዱ ወራት በኋላ የሚመጣው ሳንባ ምች ነብር ከሚገድለው ሊበልጥ ይችላል። ቆርቆሮ ግድ ከሆነ በግድግዳውና በጣሪያው መሐል ዙሪያውን የአየር ክፍተት ይተው፤ ክፍተቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ይነስ ወይም በመረብ ይሸፈን። ይህ እንስሳ ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው ይከተላል።

ፍጉም መጠረግ አለበት። ለወራት ካልወጣ ወለሉ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ በጎቹ ጀርባቸው መረቡን ወደ መንካት ሲደርስ ከላይ የመጣ አውሬ በመረቡ ቀዳዳ ሊቧጭራቸው ይችላል።

#5 ተስፋ_ቢስ_አይደለሁም

በሩን ማንም አልነካም እኮ!

#6 ጉረኖ_ቀያሽ

ልክ ነህ፤ ጣሪያው ተከድኖ ጥቃት ከቀጠለ መጀመሪያ በሩን ማየት ነው።

ወደ ውስጥ የሚከፈት ይሁን። ወደ ውጭ የሚከፈት በር በረዶ ሲከመርበት ጠዋት አይንቀሳቀስም፤ እረኛው ሰልችቶት ክፍት መተው ይጀምራል። ሌላም አለ፦ በጎች ሲደነግጡ ተጋፍተው በሩ ላይ ይደፈደፋሉ። ወደ ውጭ የሚከፈተው በመቀርቀሪያው ብቻ ስለተያዘ ይበረገዳል። ወደ ውስጥ የሚከፈተው መቃኑን ተደግፎ ስለሚቆም የእነሱ ግፊት ይበልጥ ያጠብቀዋል።

መቀርቀሪያ ሁለት፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ደፉ ድንጋይ ይሁን፤ አፈር ከሆነ በበጎቹ ኮቴ ተቆፍሮ በአንድ የብርድ ወቅት ሥሩ ይከፈታል። ከበሩ በላይ ያለው ድፍን ሳንቃ እስከ መረቡ ካልደረሰ ደግሞ ሌላው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ይህን ክፍተት የሚረሳ ብዙ ነው።

#7 ሒሳብ_ሹም

ጉረኖ ሌሊቱን ይሸፍናል። ቀን ግጦሽ ላይ የሚበላውስ? እዚህ ላይ ሰዎች «መንግሥት ካሳ ይክፈል» ይላሉ፤ ካሳ ግን እንደታሰበው አልሠራም። ማመልከቻ ተጽፎ፣ መርማሪ መጥቶ፣ ፋይሉ ከተማ ወርዶ እስኪመለስ እረኛው የሚያወጣው የትራንስፖርት ገንዘብ ከካሳው ጋር ይቀራረባል። መርማሪው ሲደርስም ሬሳውን አሞራ ጨርሶታል። የተቆጣ ሰው ደግሞ ስድስት ወር አይጠብቅም።

የተሻለው ለእኛ አንባቢ በአንድ ቃል ይገባዋል፤ እድር። በስፒቲ የኪበር መንደር በ2002 የተጀመረው የከብት መድን እንደዚያው ነው። ቤተሰቦቹ ባስመዘገቡት ከብት ልክ ያዋጣሉ፣ ኮሚቴው ከመንደሩ ነው፣ ሬሳውን የሚያየው ጎረቤት ነው። እድር ላይ ሳይሞት ሞተ ብሎ ገንዘብ የሚወስድ የለም፤ ሁሉም ሁሉን ያውቃላ። ያው ነው ዘዴው። በፓኪስታን ባልቲስታን በ1999 የተጀመረው ደግሞ ሁለት ቋት አለው፦ አንዱ ከእረኞቹ መዋጮ፣ ሌላው ከተጓዦች ጉብኝት ገቢ። መዋጮው ብቻውን ከኪሳራው ጋር ስለማይመጣጠን ሁለተኛው ይደጉመዋል።

እንዲህ ያለ እድር የሚፈርስባቸው መንገዶች ይታወቃሉ።

ሙሉ ዋጋ ከተከፈለ እረኛ ይተኛል። ክፍያው ከገበያው ዋጋ በታች መሆን አለበት፤ እረኛውም ትንሽ ይጉዳ። በስፒቲ ከብት ያልተበላበትን ጥሩ እረኛ መሸለምም ጨምረውበታል፤ ይህ ከቅጣት ይልቅ ይሠራል።

በበሽታ የሞተው «ነብር በላው» ይባላል። ለዚህ ጉሮሮ ማየት ነው። የበረዶ ነብር በተለይ ትንንሾቹን ጉሮሯቸውን ይዞ አንቆ ይገድላል፤ የጥርስ ቀዳዳና ከቆዳው ሥር የረጋ ደም ይገኛል። ከሞተ በኋላ የተነከሰ ሥጋ ከቆዳው ሥር አይደማም። ቆዳውን ገፎ ሳያዩ መፈረም የለም።

ቋቱ በአንድ ክፉ ዓመት እንዳይደርቅ ለአንድ ቤተሰብ በዓመት የሚከፈለው ጣሪያ ይኑረው። ጉረኖው ላልተከደነ ሰውም የሌሊት ፍጅት አይከፈል። መድንና ጉረኖ ተያይዘው ካልሄዱ መድኑ ያልተከደነ ጉረኖ ደጋፊ ይሆናል።

#8 ማሪቱ_የደጋዋ

የመጨረሻዋ አንቀጽ ጨካኝ ናት። በጣም ደሃው ነው እኮ መረብ መግዛት ያቃተው።

#9 ሒሳብ_ሹም

እውነት ነው እህቴ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ መጀመሪያ ለሁሉም መረብ፣ ቀጥሎ መድን። ተገላቢጦሽ የጀመረ ቋቱን ያደርቀዋል።

#10 ጎቢ_ተመልካች

ከሞንጎሊያ በኩል ልጨምር። «ብሔራዊ ፓርክ አጥሮ መጠበቅ ነው» ለሚሉም መልስ ይሆናል።

በደቡብ ጎቢ ቶስት ተራሮች ላይ ከ2008 ጀምሮ በአንገት ጂፒኤስ በተደረገው ክትትል የአንድ ወንድ መዋያ በአማካይ 207 ስኩዌር ኪሎ ሜትር፣ የሴቷ 124 ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ልኬት በእስያ ባሉት 170 ጥብቅ ቦታዎች ላይ ሲያስቀምጡት 40 በመቶዎቹ ለአንድ ወንድ እንኳ ጠባብ ሆነው ተገኙ። ነብሩ የሚኖረው እረኛው ዘንድ ነው፤ አጥር የሚባል ነገር ቀልድ ነው።

ቶስት ራሱ በማዕድን ፈቃዶች ተከብቦ ነበር። የአካባቢው እረኞች ለዓመታት ተሟግተው በ2016 ቶስት ቶሶንቡምባ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ሆነ፤ ዘመቻውን የመራችው ባያርጃርጋል አግቫንሴረን በ2019 ጎልድማን የተባለውን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት አግኝታበታለች።

ገቢውም ከሱፍ ነው። ከ1998 ጀምሮ ሴቶቹ ከበግና ከግመል ሱፍ የሚሠሩት ዕቃ ይገዛቸዋል፤ ውሉ ግን ነብሩንም ምግቡ የሆኑትን የዱር ፍየሎችም አለመግደል ነው። ውሉን ያከበረ ማኅበረሰብ 20 በመቶ ጉርሻ ያገኛል፤ አንድ ሰው ቢጥስ ጉርሻው የሁሉም ይቀራል። ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠብቅበት ዘዴ ነው። ከባድ ነው፣ ያስታርቃልም ያጣላልም፤ ግን ከጠባቂ ደመወዝ በእጅጉ ይረክሳል።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፦ ካሽሚር፣ ያ ለስላሳ የፍየል ፀጉር። የካሽሚር ዋጋ ሲወጣ ፍየሉ ይበዛል፣ ሣሩ ያልቃል፣ አይቤክሱ (የእኛ ዋልያ የአጎት ልጅ) ይሸሻል። የተፈጥሮ ምግቡ ያለቀበት ነብር ወዴት ይሂድ? ጉረኖ ብቻ የሚቆጥር ፕሮጀክት ይህን አያይም።

#11 ጉረኖ_ቀያሽ

ጎቢ፣ ይህን እቀበላለሁ። ጉረኖ በቀልን ያስቀራል፣ ሣር አያበቅልም።

#12 ካሜራ_ሰባት

ቁጥር ላይ ጥንቃቄ። በሌላው ክር «የበረዶ ነብር በ2017 ከመጥፋት አደጋ ወጥቷል» የሚል ነበር። አልወጣም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በዚያ ዓመት ያደረገው ከአንድ ደረጃ ወደ ቀጣዩ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ሁለቱም የአደጋ ደረጃዎች ናቸው። ላይኛው ደረጃ ለመራባት የደረሱት ከ2,500 በታች እንዲሆኑና ቁልቁለቱም ፈጣን እንዲሆን ይጠይቃል፤ ያ መለኪያ አልተሟላም ነው የተባለው። ብዙ ባለሙያ ተቃውሞታል፣ ምክንያቱም ብዙው መሬት ጭራሽ አልተቆጠረም ነበር።

የተቆጠረበት ቦታ እየጨመረ ነው። ህንድ በጥር 2024 ያወጣችው 718 ነው፤ 477ቱ ላዳክ። ቡታን በ2016 96 ብላ፣ በቀጣዩ ቆጠራ 134 አግኝታለች።

ግን ፎቶ ቆጥሮ መሳሳት ቀላል ነው። ነጠብጣቡ እንደ ጣት አሻራ ነው ይባላል፤ ፀጉሩ ግን ረጅም ስለሆነ እንስሳው በታጠፈ ቁጥር ነጠብጣቡ ይለወጣል። በ2020 የታተመ ጥናት በመካነ እንስሳት ያሉ፣ ማንነታቸው የሚታወቅ 16 ነብሮችን ፎቶ ለባለሙያዎች አቅርቦ ነበር። 12.5 በመቶው በስህተት ተመደበ፤ የነብሮቹ ብዛት ግምት በአማካይ በሲሶ ተጋነነ። ዋናው ስህተት አንዱን ነብር ሁለት ማድረግ ነበር።

ለመቀነስ፦ ካሜራው ከመሬት ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ሽንቱን በሚረጭበት አለት ወይም በእግሩ በሚጭርበት ቦታ አጠገብ፣ ከመንገዱ 2 ወይም 3 ሜትር ርቆ ይተከል። ፊቱን ወደ ፀሐይ አያዙሩት። የሚወዛወዝ ሣር ካልታጨደ ካርዱ በአንድ ሳምንት በሣር ፎቶ ይሞላል። ባትሪው ሊቲየም ይሁን፤ አልካላይን በዚያ ብርድ ቶሎ ይሞታል። ግራና ቀኝ ጎኑ ስለማይመሳሰል በአንድ ቦታ ሁለት ካሜራ ትይዩ ማድረግ ይመረጣል፤ ፊት ለፊት እንዳይበራሩ ትንሽ ማዛነፍ ነው። ፎቶውን ሁለት ሰው ለየብቻ ይለየው፤ ካልተስማሙ ያ ፎቶ ይውደቅ።

ዓይነ ምድር ሰብስቦ መቁጠርም አለ፤ ላቦራቶሪ ካልገባ ግን አትመኑት። የቀበሮ እየተለቀመ «የነብር ነው» ተብሏል።

#13 የከብት_ሐኪም_ዘ

ስለ ውሻ አንድም ሰው አላነሳም። ላዳክ ውስጥ ከወታደር ሰፈሮችና ከቱሪስት ማረፊያዎች በሚጣለው ቆሻሻ የሚኖሩ ባለቤት አልባ ውሾች በመንጋ ያድናሉ፤ በግም ይበላሉ፣ ነብሩ ከገደለው ላይም ያባርሩታል። እረኛው ጠዋት የሚያየው የተበላ በግ ነው፤ ጥፋቱ ለነብሩ ይመዘገባል።

የእብድ ውሻ በሽታ ምን እንደሚያደርግ ከባሌ እናውቃለን። በ2003 እና በ2008 ቀይ ቀበሮዎቻችንን የፈጀው ከመንደር ውሾች የመጣ ነው። መፍትሔውም ያው ነው፦ ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብ፣ ማምከን፣ ከሁሉ በላይ ግን ቆሻሻውን መክደን። ቆሻሻው ክፍት ሆኖ ማምከን በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው።

#14 ተስፋ_ቢስ_አይደለሁም

ወጥመዶቹስ? ላዳክ ውስጥ የድሮ የተኩላ ጉድጓድ እንዳለ ሰምቻለሁ።

#15 ጎቢ_ተመልካች

ሻንግዶንግ ይባላል። ግድግዳው ወደ ውስጥ ያዘነበለ የድንጋይ ጉድጓድ ነው፤ ሕያው ፍየል ይታሰርበታል፣ የገባ ተኩላ መውጣት አይችልም። በቹሹል መንደር በ2018 ሰዎቹ እንዲህ ያሉትን ሳያፈርሱ አምክነዋቸዋል፦ አንዱን ጎን ከፍተው እንስሳ በእግሩ የሚወጣበት በር አበጁ፣ አጠገቡም ስቱፓ (የቡድሃ እምነት መቅደስ) ሠሩ። ቅርሱም ቀረ፣ ሥራውም ቆመ። «አፍርሱ» ብሎ የሚመጣ የውጭ ሰው ቢሆን ኖሮ አይሳካም ነበር።

#16 ማሪቱ_የደጋዋ

እሺ፣ የመጨረሻ ጥያቄ። የበጋው ግጦሽ ላይ ድንኳን እንጂ ጉረኖ የለም። በየሁለት ሳምንቱ ይነሳሉ። 245 ቋጠሮ እዚያ አይሠራም።

#17 ጉረኖ_ቀያሽ

እዚያ በፀሐይ የሚሞላ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ይሠራል፤ ቀለሙና ጊዜው ተዘበራርቆ ሰው ባትሪ ይዞ የሚዞር ያስመስላል። ግን አውሬው ሞኝ አይደለም። በአንድ ቦታ ከቆየ ይለምደዋል። በየሁለት ሦስት ሌሊቱ ቦታውንና ከፍታውን ይቀይሩ፣ ጠዋት ያጥፉት፣ ጥቃት በማይበዛበት ወቅት ጭራሽ አያብሩት። በአንድ መንጋ ዙሪያ ከአራቱም አቅጣጫ እንዲታይ ያድርጉ፤ ዳገቱን ያልሸፈነ መብራት ግን ጥቅም የለውም፣ የሚመጣው ከላይ ነውና።

ግልገሎቹን ግን በመብራት አትመኑ። ለእነሱ 3 በ3 ሜትር የምትሆን፣ በአራት ዘንግ የምትቆም፣ ከላይም የምትዘጋ ተጣጣፊ መረብ በአንድ ያክ (ፀጉራሙ የተራራ በሬ) ትጫናለች። ከታች ጠርዟን ዙሪያውን በድንጋይ ይጫኑ፤ ካልሆነ ግልገሎቹ ራሳቸው ሥሯን ሾልከው ይወጣሉ።